አሥር ቤት የዞረው ወንበር

አክስቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ምግብ ስታበስል ኖራ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፋት አንድ ረጅም ጭልፋ፣ አንድ ለስላሳ ወንበርና «እትዬ ጭልፋ» የሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። ዛሬ አንዳንዶቹ ራሰ በራ ሆነዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት ግን አሁንም ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ እሷም «በልተሃል?» ብላ ሳትጠይቅ አታልፋቸውም።

ወንበሩን የሰጧት ጡረታ ስትወጣ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የኖረ፣ ቡናማ ቆዳው እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ባለ ክንድ ሰፊ ወንበር ነው። «ሃያ ስድስት ዓመት ቆመሽ ሠርተሻል፤ ከእንግዲህ ተቀመጪ» ብለው ንግግር አድርገውላት ነበር። እሷ ግን «ለእንግዳ ነው» ብላ አንድም ቀን ደልቀቅ ብላ አልተቀመጠችበትም። መቀመጫው ላይ ወደ ግራ በኩል የተሰበረ ሽቦ አለ። ሳያስተውል የተቀመጠ ሰው «ውይ!» ብሎ ይነሳል። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ሁለት ጊዜ ጠቅጥቆ ሰፍቶት ነበር፤ ሽቦው ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ወጣ።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ትዳር የለኝም፣ ምግብ ማብሰልም አልችልበትም። እናቴ ካረፈች ወዲህ የእሁድ ምሳዬ አክስቴ ጋ ነው። ባቄላ በቲማቲም፣ ሩዝ፣ አንዳንዴም ሥጋ ጣል ያለበት ሾርባ ትሠራለች። ሁለተኛ ሳህን ስጠይቅ ፊቷ ይበራል። «አንቺስ አትበይም?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስቀምስ ጠገብኩ።» ያበሰለ ሰው ሲቀምስ እንደሚጠግብ ማን ያጣዋል? ብዬ እኔም ጎንበስ ብዬ እቀጥላለሁ።

አክስቴ የምትኖርበት ቤት አንድ ረጅም ጣሪያና አሥራ አንድ በር ነው። እያንዳንዱ በር አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ጓዳ አለው፤ ከጓዳው ደግሞ ልብስ ወደሚሰጣበት መተላለፊያ የሚያስወጣ የኋላ በር አለ። አንደኛው ቤት ጫማ ሰፊው ይኖራል። አሥረኛው የአጣቢዋና የሦስት ልጆቿ ነው፤ አሥራ አንደኛው የአክስቴ። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ሦስተኛው ቤት «ይማርህ» ይላል።

አንድ ሰሞን የምግብ ድጋፍ ቢሮ ቤት ለቤት ሊመዘግብ ነው ተባለ። ችግሩ የተረጋገጠለት ቤተሰብ ካርድ ይሰጠዋል፤ በካርዱ ዓመት ሙሉ በየወሩ ዱቄት፣ ባቄላና ዘይት በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ይወስዳል። ወሬው ከሁሉ ይልቅ አጣቢዋን ነው ነፍስ የዘራባት። እጇ በበረኪና ተልጦ ግማሽ ሥራዋን ትታ ነበር። መካከለኛዋ ልጇ ደግሞ ክፍል ውስጥ አዙሯት ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ትምህርት ቤቱ «ቁርስ አብሏት» የሚል ወረቀት ላከ። ወረቀት መላክ ቀላል ነው።

ከምዝገባው በፊት በነበረው ምሽት አሥራ አንዱ በር መተላለፊያው ላይ ተሰበሰበ። እኔም የማን ቧንቧ ልሠራ እንደመጣሁ አላስታውስም፣ እዚያው ነበርኩ።

«እንግዲህ የመንግሥት ሰው ሲመጣ የት ነው የምናስቀምጠው?» አለ ጫማ ሰፊው። «እኔ ቤት ያለው የምሰፋበት ዱካ ነው፤ እሱም ሚስማር አለበት።»

«እኔ ጋ ጀሪካን አለ» አለች አጣቢዋ አንገቷን ደፍታ።

አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሰው ቤታችን ድረስ ሊረዳን መጥቶ ጀሪካን ላይ ይቀመጥ? እኔ እያለሁ? ወንበሬ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ!»

በቃ፣ ተወሰነ። ስንትና ስንት መቶ ልጅ ተሰልፎ በአርባ ደቂቃ እንዲበላ ስታደርግ የኖረች ሴት ስለሆነች ዕቅዱን እዚያው ቆማ አወጣችው። መዝጋቢዋ በፊት በር ስትገባ ወንበሩ ቀድሞ በኋላ በር ይገባል። ጠይቃ ስትጨርስ ባለቤቱ ደጃፍ ላይ በስንብት ይይዛታል፤ በዚያ መሀል ወንበሩ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ጭልፋው ድስት ክዳን ላይ ኳ ሲል፣ ውሰድ ማለት ነው። አንድ ትእዛዝ ደግሞ ጨመረች፦ ወንበሩ ጀርባው ለጓዳው፣ ፊቱ ለመስኮቱ ሆኖ ይቀመጥ። «እንግዳ ባዶ መደርደሪያ ሲያይ ይጨንቀዋል» አለች።

«ተሸካሚውስ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ምን ቆርጦኝ እንደጠየቅኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መዝጋቢዋ በማግስቱ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። መነጽር ያደረገች፣ እስክሪብቶዋን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል ወጣት ናት። ጫማ ሰፊው ቤት ገብታ ተቀመጠች። ከመተላለፊያው ሆኜ «ውይ!» ስትል ሰማኋትና ሥራው መጀመሩን አወቅኩ።

እኛ ሰፈር በስንብት የሚታማ የለም። በሩ ላይ መጀመሪያ የመዝጋቢዋ እናት ጤና ተጠየቀ፣ ከዚያ የአባቷ፣ ከዚያ የውሃው መጥፋት ተወራ፣ ከዚያ «ሳትጫወቺ ልትሄጂ ነው?» ተባለ። እኔ በዚያ መሀል ወንበሩን አናቴ ላይ አድርጌ በተሰጣ አንሶላ ሥር አጎንብሼ እሮጣለሁ። በአምስተኛው ቤት ላቤ እንደ ቧንቧ ይወርድ ጀመር። የሚገርመው፣ ከአራተኛው ቤት በኋላ መዝጋቢዋ «ውይ» ማለት ተወች። ራሷ ወደ ቀኝ ጠጋ ብላ መቀመጥ ጀመረች። ያኔ መጠርጠር ነበረብን፤ እኛ ግን በጥበባችን ሰክረን ነበር።

ጉድ የፈላው አሥረኛው ቤት ነው። የአጣቢዋ የኋላ በር ከሁሉም ይጠባል። ሳስገባው በግድም ቢሆን ገብቶልኝ ነበር፤ ሳስወጣው ግን አንዱ ክንዱ መቃኑ ውስጥ ተቀረቀረ። ብስበው እምቢ፣ ብገፋው እምቢ። እኔ ከውስጥ፣ አክስቴ ከውጭ፣ ወንበሩ መሀላችን እያለ የአክስቴ የፊት በር ተንኳኳ።

«ተወው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ድምፅ እንዳታሰማ። እኔ እወጣዋለሁ።»

እሷ ገብታ መዝጋቢዋን እስክትሸኝ ድረስ ግማሽ ወንበር ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ቆምኩ። የአጣቢዋ ሦስት ልጆች ተደርድረው ያዩኛል። ትንሹ «ጋሼ፣ እዚሁ ልትኖር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በኋላ ጫማ ሰፊው መጥቶ በመዶሻ አወጣኝ።

«የት አስቀመጥሻት?» አልኳት አክስቴን።

«ባልዲ ገልብጬ» አለች፤ ፊቷ ቀልቷል። «በሕይወቴ እንግዳ ባልዲ ላይ ሳስቀምጥ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ትለኝ ይሆን?» ሳምንቱን ሙሉ ያንን ባልዲ ስታነሳና ስትጥል ከረመች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሁላችንም ሄድን። ከአሥራ አንዱ በር ካርድ የተፈቀደለት አንድ ብቻ ነው፦ ቁጥር አሥራ አንድ። የቀሩት አሥሩ ፊት ለፊት ያለው ምክንያት ተመሳሳይ ነው፦ «የተሻለ ኑሮ፤ ለስላሳ ወንበር አለ።» አሥር ጊዜ ተጽፏል። ለካ ቅጹ ላይ ለስላሳ ወንበር ያለው ቤት ድጋፍ አያስፈልገውም ይላል።

ይህም አልበቃ፣ አስፋልት ዳር ፎቅ ያለው ብረት ነጋዴ ስሙ ዝርዝሩ ላይ አለ። ቅጹን ቀድሞ የሚያነብለት ሰው ስላለው ሶፋውን መጋዘን ከቶ መዝጋቢዋን ጡብ ላይ አስቀምጧታል ተባለ። ያለው ደበቀ፣ የሌለን እኛ ተዋስን። እዚያው ግድግዳ ሥር ቆሜ መሳቅም መሳደብም አማረኝ፤ ሁለቱንም አደረግኩ።

አጣቢዋ ግን አልተሳደበችም። ስሟን ሁለት ጊዜ ከላይ ወደ ታች ፈለገች፣ መጀመሪያ ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አክስቴ እጇን ይዛ አነሳቻት። 

በመጀመሪያው እደላ ቀን አክስቴ ካርዷን ይዛ ሄዳ የአንድ ሰው ድርሻ ተቀበለች፦ አንድ ፌስታል ዱቄት፣ ትንሽ ባቄላ፣ አንዲት ጠርሙስ ዘይት። ከዚያ መተላለፊያው ላይ ሰፊ ትሪ ዘርግታ በዚያው በጭልፋዋ ታካፍል ጀመር። ለየቤቱ አንድ ጭልፋ፣ ለአጣቢዋ ሦስት።

«ለአንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ጡረታ አለኝ» አለችና ትሪውን አራግፋ ገባች።

ቅሬታ ያለው ሰው እስከ አርብ ያቅርብ ተብሏል። ሐሙስ ማታ አክስቴ ሁሉንም ጠርታ «ነገ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ» አለች።

አጣቢዋ ደነገጠች። «እትዬ፣ እባክዎ! ወንበር ተውሳ እንግዳ ያስቀመጠች፣ ውሸታም ለማኝ ልባል? ልጆቼ እኮ እዚሁ ሰፈር ነው የሚማሩት።»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። ወንበሩ የኔ፣ ዕቅዱም የኔ። እናንተ ከኋላዬ መቆም ብቻ ነው።»

«ካርድዎንስ ቢቀሙዎት?»

«ይውሰዱታ! በስህተት የመጣ ነው። የናንተን ልጆች ጉሮሮ ዘግቼ እኔ ዱቄት ልቋጥር?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ጠዋት ቀደም ብለህ ና። ወንበሩን ትይዛለህ።»

ቢሮው ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ወንበሩን አናቴ ላይ ተሸክሜ ስሄድ ያላየኝ የሰፈር ሰው የለም። «ሹመት ነው?» ይለኛል አንዱ፤ «ቤት ለቀቅክ?» ይለኛል ሌላው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀጠልኩ። ከኋላዬ አክስቴ ጭልፋዋን ይዛ፣ ከሷ ኋላ የአሥሩ ቤት ሰው ተከትሎ ነበር። ጭልፋውን ለምን እንደያዘች ስጠይቃት «እጄ ባዶ ሲሆን መናገር አልችልም» አለችኝ።

የቅሬታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወፍራም፣ ሲናገር ቀስ የሚል ሰው ነው። መዝጋቢዋ አጠገቡ ፋይል ከምራ ተቀምጣለች። ወንበሩን መሀል ሳስቀምጠው ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

«እናቴ፣ እኛ ጋ እኮ ወንበር አለ» አላት።

«ይህ ለመቀመጫ አይደለም፤ ምስክሬ ነው» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ዞረች። «ልጄ፣ እስቲ ነይ ተቀመጪበት።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ተነሳች። ስትቀመጥ ሳታስበው ወደ ቀኝ ጠጋ አለች።  ቀኝ እጇን ክንዱ ላይ አደረገች፣ የተላጠውን ቆዳ ዳሰሰች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ግራ ተንሸራተተች።

«ውይ!»

«እሱ ነው» አለች አክስቴ።

«አሥሩም ቤት?» አለች መዝጋቢዋ አፏን ይዛ።

«አሥሩም። ተሸካሚውም ይኸውና፤ አናቱ ላይ ተሸክሞ ያዞረው እሱ ነው።»

«እኔ እኮ ከአንድ ሱቅ የገዛችሁት መስሎኝ ነበር! ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ሽቦ የሸጠ ነጋዴ ማነው ብዬ ልጠቁመው አስቤ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ሰብሳቢው ነው። ሆዱን ይዞ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ከዚያ ጫማ ሰፊው፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ። አጣቢዋ እንኳን በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋት። እኔም እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ሳቅኩ።

ሰብሳቢው እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ግን ፊቱን አስተካከለ። «እንግዲህ እናቴ፣ የአሥሩ ቤት ነገር እንደገና ይታያል። ግን ወንበሩ የእርስዎ ከሆነ፣ ጡረታም ካለዎት፣ ደንቡ ለእርስዎ…»

ሳይጨርስ አክስቴ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እሱንም ይዤው ነው የመጣሁት።»  ልቤ በኩራት ሞልቶ ነበር፤ አክስቴ ናት እኮ ልል ምንም አልቀረኝ።

«አንድ ጊዜ ይቆዩ» አለች መዝጋቢዋ። አሁንም ወንበሩ ላይ ናት። ፋይሎቹን አገላብጣ አንዱን አወጣች። «እኔ እሳቸውን የመዘገብኩት ወንበር ስላጣሁ አይደለም። በሌሎቹ ቤቶች ጀርባዬ ለጓዳው ነበር። እሳቸው ጋ ባልዲው ላይ ስቀመጥ ግን ፊት ለፊቴ ያለው ጓዳው ነው። ከቅጹ ጀርባ በእጄ የጻፍኩት አለ።»

አክስቴ «ልጄ፣ እሱ አያስፈልግም» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ።

መዝጋቢዋ ግን አነበበች፦ «ቤት ቁጥር አሥራ አንድ። መደርደሪያው ላይ ጨውና ግማሽ ሽንኩርት። ምድጃው ላይ ድስት ይፈላል። ምን እየሠሩ ነው ብዬ ክዳኑን አነሳሁ። ውሃ ብቻ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ድስት ድምፅ ሊኖረው ይገባል አሉኝ። በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ ለሚለው፣ እሁድ የእህቴ ልጅ ስለሚመጣ በደንብ ይበስላል ብለው መለሱ። እሳቸውስ ይበላሉ ወይ ስል የድስቱን ክዳን መልሰው ገጠሙ።»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ምዝገባው ማክሰኞ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት፣ እሁድ፣ እዚያው ቤት ሁለት ሳህን ባቄላ በሩዝ በልቼ ድስቱን በዳቦ ጠርጌ ነው የወጣሁት። ሳምንቱን ሙሉ ከአፏ የቀነሰችው እሁድ እሁድ እኔ ሆድ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። ጡረታዋ ኪራይ ከፍላ ምን ያህል እንደሚተርፋት አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የሰው ቧንቧ የት እንደሚያንጠባጥብ ከግድግዳ ውጭ ሆኜ የማውቅ ሰው፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች አክስቴ እየከሳች መሆኑን አላየሁም። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቀና ብዬ ሳያት እሷ ከኔ ብሳ አፍራ ጭልፋዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ወለሉን ታያለች።

«ስቀምስ ጠገብኩ» ትይኝ ነበር አልኳት። 

«እየቀመስኩ ነበር እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሰብሳቢው ካርዱን አንስቶ መልሶ በእጇ አስያዛት። ከዚያ ከመዝጋቢዋ ጋር ለረጅም ጊዜ በዝግታ ተነጋገሩ። አሥሩ ቤት በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይመዘገባል ተባለ፤ አስፋልት ዳር ያሉትም እንዲሁ። መዝጋቢዋ ስለ ወንበር የሚጠይቀውን መስመር በእስክሪብቶዋ ሰርዛ በላዩ «ትናንት ምን በላችሁ?» ብላ ጻፈችበት። ይህ እንዲህ በቀላሉ አልጸደቀም፤ ከበላይ ቢሮ ጋር ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፈውበታል። ቅጹ ሲለወጥ ግን የሁሉም ሰፈር ቅጽ ነው የተለወጠው።

በሁለተኛው ምዝገባ መዝጋቢዋ ከጓዳ ጀመረች። በየቤቱ በኋላ በር እየገባች፣ ቆማ ጻፈች፣ ወንበር የሚያቀርብላትን ሁሉ «ይቅርብኝ፣ ቁስሉ አልዳነም» ትለዋለች። አሥሩም ቤት ካርድ አገኘ። ብረት ነጋዴው ከዝርዝሩ ወጣ፤ ሶፋው አሁንም መጋዘን ነው ይባላል። የአጣቢዋ መካከለኛ ልጅ ክፍል ውስጥ መውደቋን ትታ አሁን በገመድ ዝላይ መተላለፊያውን ታምሳለች፤ ልብስ ያሰጣ ሁሉ ይጮህባታል።

ከቅሬታው ቀን ቀጥሎ በመጣው እሁድ ወደ አክስቴ ስሄድ እንደወትሮው እጄን እያወዛወዝኩ አልነበረም። ሁለት እጄን ሞልቼ ሄድኩ። ገና ከበሩ «ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ብላ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ጥሩ አይደለም፣ ቲማቲሙም በስሏል ብላ ተቆጣችኝ። አብስላ አወጣች። ሳህን አቀረበችልኝ፣ ራሷ እንደልማዷ ምድጃው አጠገብ ቆመች።

ተነስቼ ወንበሩን ጎትቼ ጠረጴዛው ጋ አመጣሁት። ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት፤ ወደ ቀኝ በኩል። ጭልፋውን ከእጇ ወሰድኩ፣ አልሰጥም ብላ ታግላኝ ነበር። ሳህን ሞላሁላት።

«እኔ እኮ ስቀምስ…»

«አውቃለሁ» አልኳት። «እስቲ አሁንም ቅመሽልኝ። ጨው ያነሰው መስሎኛል።»

ተኮሳትራ አየችኝ። ማንኪያውን አነሳች፣ አንድ ጎረሰች፣ አላመጠች። «ጨውማ ልክ ነው» አለች። ሌላ ጎረሰች። እኔ ምግቤ እየቀዘቀዘ ተቀምጬ አያታለሁ፣ እሷም ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ቀመሰች።